ከናፍጣ ወደ ጋዝ፦ አጠገቡ የሚኖረው ሰው መቼ ይጠየቃል?

በሸርቆሌ፣ በሆሞሻ፣ በመንጌ፣ በኩርሙክና በአሶሳ ዙሪያ ሬዲዮናችሁን ከፍታችሁ ለምትሰሙን ሁሉ፣ የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በኤሌክትሪክ ማመንጫ ላይ ነው። ማመንጫ ሲተከል፣ ወይም ያለው ማመንጫ ከናፍጣ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ሲቀየር፣ አጠገቡ የሚኖረው ሕዝብ ምን ይጠየቃል? መቼስ ይጠየቃል?

«እኛ ዘንድ ደግሞ ምን የጋዝ ማመንጫ አለና?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ የለም። መብራት በሌለበት ወይም በጠፋበት ሰዓት እኛ አካባቢ የሚሰማው የናፍጣ ጄኔሬተር ነው፤ እሱም ናፍጣ ሲገኝ። ነገር ግን የአገራችን የኃይል ነገር ባለፉት ጊዜያት በፍጥነት እየተለወጠ መጥቷል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ እዚሁ ክልላችን፣ ጉባ ላይ ተመረቀ። ከዚያ በ23ኛው ቀን፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በአገሪቱ ሌላ ጫፍ፣ በሶማሌ ክልል፣ የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። አዲስ ዓመቱን በመካከል አድርገው አንዱ የውኃ፣ ሌላው የጋዝ በር ተከፈተ ማለት ነው። የራሱ ጋዝ ያለው አገር ደግሞ ውሎ አድሮ «ናፍጣውን ትተን ጋዙን ብናነድስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ገና በእንጭጩ ሳለ መነጋገሩ ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

መጀመሪያ፣ ናፍጣ የሚያነድዱ ማመንጫዎች ለምን እንደኖሩን እናስታውስ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ10 እጅ ከ9 በላይ የሚመጣው ከውኃ ነው። ውኃ ዝናብ ይፈልጋል። ዝናቡ ሲያጥር መብራቱ ያጥራል። በ2001 ዓ.ም. የነበረውን ፈረቃ የማያስታውስ አለ? ግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ በማነሱ እንደገና ፈረቃ ታወጀ። ለእንዲህ ያለው ክፉ ቀን ተብለው ነው በ1996 ዓ.ም. አካባቢ በአዋሽ 7 ኪሎ፣ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ ቃሊቲ የናፍጣ ማመንጫዎች የተተከሉት። የነዚህ ማመንጫዎች ችግር የታወቀ ነው፤ ናፍጣው በዶላር ይገዛል፣ ከጂቡቲ በቦቴ ይጫናል፣ ጭሱም ጥቁር ነው።

ጋዝ ስንል ደግሞ የኩራዙ ነጭ ጋዝ አይደለም፤ በሲሊንደር የሚሸጠው የማብሰያ ቡታ ጋዝም አይደለም። ከምድር ውስጥ የሚወጣው፣ አብዛኛው ሚቴን የሆነው አየር ነው። የካሉብን ጋዝ በ1960ዎቹ ያገኘው ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። በኋላ በደርግ ዘመን ሶቪየቶች ቆፈሩት፣ ከዚያም ብዙ ኩባንያ መጣ፣ ብዙ ኩባንያ ሄደ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ «ጋዝ አለን» ስንል ኖረን አሁን ነው ከጉድጓዱ ወጥቶ ለገበያ የተዘጋጀው።

የናፍጣ ሞተር ወደ ጋዝ ሲቀየር ምን ይደረጋል? መካኒኮች ይህን ያውቁታል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ አየሩን አጥብቆ ሲጨምቀው ይግላል፣ ናፍጣው በኖዝል ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ጋዝ ግን በዚህ መንገድ እሺ ብሎ አይቀጣጠልም። ስለዚህ ወይ ካንዴላ ይገጠምለታል፣ ወይ ደግሞ ጥቂት ናፍጣ እንደ ክብሪት እየረጩ ጋዙን በዚያ ያነድዱታል። ማመንጫው እንደ አውሮፕላን ሞተር የሚሽከረከር ተርባይን ከሆነ ሥራው ይቀላል፤ በዋናነት የሚቀየረው የማቃጠያው ክፍልና የነዳጁ መስመር ነው። ይህ በጎረቤት ምሥራቅ አፍሪካ ተሠርቷል። ታንዛኒያ ውስጥ፣ ዳሬ ሰላም ከተማ ኡቡንጎ በሚባለው ሠፈር፣ ፈሳሽ ነዳጅ ያነድዱ የነበሩ ተርባይኖች በ1996 ዓ.ም. ከሶንጎ ሶንጎ ደሴት በባሕርና በየብስ በተዘረጋ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ቧንቧ በመጣ ጋዝ መሥራት ጀመሩ።

እኛ ጋ ቧንቧ የለም። ካሉብና አሶሳ የአገሪቱ ሁለት ጫፎች ናቸው። ጋዙ እንዲህ ያለ መንገድ በአብዛኛው የሚጓዘው ፈሳሽ ሆኖ ነው። ከዜሮ በታች እስከ 162 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ይሆናል፤ 600 ሊትር የነበረው አየር ወደ 1 ሊትር ይሰበሰባል። የሚጫነውም ሆነ የሚቀመጠው እንደ ፔርሙዝ ድርብ ግድግዳ ባለው ታንክ ነው፤ ማመንጫው ግቢ ሲደርስ እንደገና ሞቆ አየር ይሆንና ወደ ሞተሩ ይገባል። ማመንጫን ወደ ጋዝ መቀየር ማለት እንግዲህ ሞተር መቀየር ብቻ አይደለም። አዲስ ታንክ፣ አዲስ የቦቴ መንገድ፣ አዲስ የእሳት አደጋ ሥርዓት፣ ምናልባትም አዲስ አጥር ነው። ጎረቤቱን የሚነካው ይሄኛው ነው፤ በስብሰባ ላይ በአብዛኛው የሚነገረው ግን ስለ ሞተሩ ነው።

የጋዝ ጥቅሙ ምንድን ነው? ጥላሸትና ድኝ የለበትም ማለት ይቻላል። ልብስ ያሰጣች እናት ጥቁር ጤዛ አይወርድባትም። ለዚያው ኃይል የሚለቀቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠንም ከናፍጣው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ጉዳቱስ? ድምፁ አይጠፋም። ሳንባን የሚቆጣ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባል ጭስ፣ መጠኑ ይለያያል እንጂ፣ ይኖራል። ሚቴን ሳይቃጠል ካፈተለከ ደግሞ በ20 ዓመት ውስጥ ሲታሰብ ምድርን በማሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከ80 ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። በተፈጥሮው ቀለምም ሽታም የለውም። ብዙ ቦታ የሚታወቀው መጥፎ ሽታ ሰዎች ሆን ብለው የሚጨምሩበት ነው፤ በቀዘቀዘ ፈሳሽነት የሚጓዘው ግን ሽታ አይጨመርበትም። ስለዚህ ግቢው ውስጥ መፍሰሱን የሚያውቅ መሣሪያ መተከል አለበት። አንድ ሰው ተነሥቶ «ጋዙ ቢያፈስ በምን እናውቃለን?» ብሎ ቢጠይቅ የማያውቅ ሰው ጥያቄ አይምሰላችሁ። የባለሙያ ጥያቄ ነው።

ሌላም ሊጠየቅ የሚገባው አለ፦ ጋዙ ይበቃል ወይ? የካሉብ የመጀመሪያ ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ እንደሚያመርት በምረቃው ጊዜ ተነግሯል። እኔ በእርሳስ አሰላሁት። ይህ ሁሉ ጋዝ ለኤሌክትሪክ ብቻ ቢውል፣ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ የሚያመነጨው በግምት 30 ሜጋ ዋት አካባቢ ነው። ህዳሴ ግድብ የተገጠመለት አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ይህን የምለው ጋዙን ለማናናቅ አይደለም። ለፋብሪካ፣ ለማዳበሪያ፣ ለመኪናም ይፈለጋል፤ ተፈላጊው ብዙ ነው። እንግዲህ ማመንጫችሁ ወደ ጋዝ ይቀየራል የተባለ መንደር «ጋዙ ሲቋረጥ በምን ይሠራል? ናፍጣውስ ጭራሽ ይቀራል ወይስ ለመጠባበቂያ ይቀመጣል?» ማለት አለበት። ናፍጣው ለመጠባበቂያ ከቀረ ግቢው ውስጥ ሁለት ዓይነት ነዳጅ ይከማቻል። ያን ማወቅ የጎረቤቱ መብት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። መብት ካልን ከየት የመጣ መብት ነው?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ያስቀምጣል፤ መንግሥት በሚያካሂዳቸው ሥራዎች ከቦታቸው የሚነሡ ወይም ኑሯቸው የሚናጋ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ ማካካሻ ማግኘት እንዳለባቸውም እዚያው ላይ ነው። አንቀጽ 92 ደግሞ ሐሳብ የመስጠቱን መብት ለአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራሞች ይደግመዋል። ከሕገ መንግሥቱ በታች አዋጅ ቁጥር 299/1995 አለ፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ። የዚህ አዋጅ አንቀጽ 15 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት፣ በተለይ ጉዳቱ የሚደርስባቸው ሰዎች ያሉት ነገር በሪፖርቱና በሪፖርቱ ግምገማ ውስጥ እንዲካተት ያዝዛል። መሬት የሚወሰድ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ፣ ከአስቸኳይ ሁኔታ በስተቀር፣ ባለይዞታው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ፕሮጀክቱ እንዲመከር ደንግጓል።

ሕጉ ጥሩ ነው። ችግሩ ከወረቀቱ እስከ ዛፍ ጥላው ስብሰባ ባለው መንገድ ላይ ነው።

እስቲ አንድ ስብሰባ እናዳምጥ። ለማስረዳት የፈጠርነው ነው፤ እንዲህ ያለ ፕሮጀክት በወረዳችን የለም። ግን ስብሰባውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማንጎ ዛፍ ሥር ወንበር ተደርድሯል። ከከተማ የመጣ ባለሙያ ቆሟል።

ባለሙያው፦ «ማመንጫው ከናፍጣ ወደ ጋዝ ይቀየራል። ጋዝ ንጹሕ ኃይል ነው። ጥያቄ ካላችሁ?»

አንዲት እናት፦ «ልጄ፣ ታንኩ የሚቀመጠው በየት በኩል ነው? ውኃ የምንቀዳው በዚያ በኩል ነው እኮ።»

ባለሙያው፦ «እሱ በዲዛይኑ ላይ አለ፣ እናቴ። አያሳስብም።»

እናት፦ «ዲዛይኑን አሳየን ታዲያ።»

ባለሙያው፦ «ዲዛይኑ እንግሊዝኛ ነው።»

አንድ ሼህ፦ «ሥራው መቼ ነው የሚጀመረው?»

ባለሙያው፦ «ተቋራጩ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል።»

ሼሁ፦ «እንግዲያው ምን ልትጠይቀን መጣህ? ልትነግረን ነው የመጣኸው። አላህ ያግዛችሁ፣ እንግዲህ።»

ሳቅ ይሰማል። ሻይ ይቀርባል። ከዚያ አንድ ወረቀት ይዞራል።

ይህችን ወረቀት ቀረብ ብለን እንያት። ከላይ ቀን፣ ቀበሌና የስብሰባው ርዕስ ይጻፋል። ከሥር ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ጾታ፣ የሥራ ድርሻ፣ በመጨረሻው ዓምድ ፊርማ። መፈረም የማይችል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያሳርፋል። አቴንዳንስ እንላታለን። ሰው የሚፈርመው መጣሁ ለማለት ነው፤ አንዳንዴም አበል ለመቀበል ነው። ከወራት በኋላ ግን ይህች ወረቀት ከፎቶግራፍና ከቃለ ጉባኤ ጋር ተጠርዛ ከጥናቱ ሪፖርት ኋላ አባሪ ትሆናለች። ሪፖርቱን አሶሳ ወይም አዲስ አበባ ሆኖ የሚያነብ ሰው የሚያየው 60 ፊርማ ነው። ቃለ ጉባኤው «ተሰብሳቢዎቹ ፕሮጀክቱን በሙሉ ድምፅ ደግፈዋል» ካለ ደግፋችኋል። የእናትየዋ የውኃ ጥያቄ ካልተጻፈ አልተጠየቀም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገን። እኔ እንደማምነው የአንድ ምክክር ዋጋ የሚታወቀው በተሰብሳቢው ብዛት አይደለም፤ በቃለ ጉባኤው ነው። ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት በሚገባችሁ ቋንቋ ጮክ ብሎ ይነበብ በሉ። ጥያቄያችሁ ከሌለበት እስኪገባ ድረስ አትፈርሙ። ይህ አመፅ አይደለም። ሥርዓት ነው።

ቋንቋ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የክልላችን የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በሸርቆሌ ግን ብዙ እናቶችና አዛውንቶች ልባቸውን የሚያወጡት በበርታ ቋንቋ ነው፤ ዐረብኛም የሚቀናቸው አሉ። ጥናቱ በእንግሊዝኛ፣ ገለጻው በአማርኛ፣ ጥያቄው በበርታ ከሆነ በመካከል የሚወድቀው ብዙ ነው። አስተርጓሚውን ከፕሮጀክቱ ይልቅ ሕዝቡ ቢመርጥ ይሻላል። የወንዶች ስብሰባ ላይ ሴቶች ጀርባ ተቀምጠው ዝም ካሉ ደግሞ ለብቻቸው ይሰብሰቡ፤ ውኃውንም፣ እንጨቱንም፣ ወርቅ ማጠቢያውንም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሸርቆሌ ላይ ሌላም የማይረሳ ጎረቤት አለ። የስደተኞች መጠለያው ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. የሱዳኑ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በኩርሙክ በኩል ብዙ ሰው ገብቷል። ስደተኛው የመሬት ይዞታ የለውም፣ በካሳ ዝርዝር ውስጥም አይገባም። አየሩን ግን እኩል ይተነፍሳል። የእሱ ጥያቄ በቃለ ጉባኤው ላይ በማን ስም ይጻፋል? ለዚህ የተዘጋጀ መልስ ያለው ስብሰባ ብዙ አይገጥምም።

አሁን ደግሞ ስለ ጊዜው። ምክክር የሚጠቅመው ገና የሚቀየር ነገር ሲኖር ነው። የታንኩ ቦታ ገና በእርሳስ ሳለ ማንሣት ይቻላል፤ ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ግን የሚቀረው እሮሮ ነው። በአገራችን ይህ ቅደም ተከተል የተዛባበት የታወቀ ምሳሌ አለ። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ግንባታ የተጀመረው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ የጸደቀው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም. ነው። ግድቡ ተጠናቆ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ብዙ ቤት አብርቷል። ነገር ግን በታችኛው ኦሞ የወንዙን ሙላት ተከትለው የሚዘሩ ሰዎች ጥያቄ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ስለተነሣ ክርክሩ ለዓመታት አልበረደም። ጥቅሙን አልክድም። ቅደም ተከተሉ ግን ትክክል አልነበረም።

ጎረቤት ኬንያ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ላሙ አጠገብ፣ 1,050 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የድንጋይ ከሰል ጣቢያ ሊሠራ ፈቃድ ተሰጥቶ ነበር። የላሙ ሰዎች፣ ዓሣ አጥማጆች ጭምር፣ ለአገሪቱ የአካባቢ ጉዳዮች ልዩ ፍርድ ቤት አቤት አሉ። ሰኔ 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ፈቃዱን ሰረዘው። ስብሰባ ሳይደረግ ቀርቶ አይደለም፤ ተደርጓል። ግን ስብሰባዎቹ የተደረጉት ጥናቱ ሳያልቅ፣ ሰው የሚመዝነው ነገር በእጁ ሳይኖር ነበር። ጥናቱ ካለቀ በኋላ ወደ ሕዝቡ ተመልሶ «ያገኘነው ይህ ነው፣ ምን ትላላችሁ?» ያለ በቂ ምክክር አልተደረገም። ይህን ልብ በሉ። አንድ ስብሰባ አይበቃም። የመጀመሪያው ስብሰባ ጥያቄ ለመሰብሰብ ነው፤ ሁለተኛው፣ ጥናቱ ካለቀ በኋላ የሚደረገው፣ መልሱን ለመስማት ነው። ሁለተኛው ስብሰባ ያልተጠራበት ምክክር ግማሽ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ከሸርቆሌ አባይን ሲሻገሩ ጉባ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል እዚህ ያልተደሰተ ሰው አልነበረም። እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ቦንድ የገዛ አለ። ውኃው ተንጣልሎ ንጋት ሐይቅ ሲሆን ግን ከወንዙ ዳርቻ የተነሡ የጉሙዝና የበርታ ቤተሰቦች ነበሩ። ወንዙ ሲጎድል በእርጥቡ አፈር ላይ ይዘሩ ነበር፤ ያጠምዱ ነበር፤ ወርቅ ያጥቡ ነበር። ቤት በቆርቆሮ ይተካል፣ ማሳም በማሳ ይተካል። ወርቅ የሚታጠብበት የወንዝ ዳር ግን በምን ይተካል? እንዲህ ያለው ኑሮ ካርታ የለውም፣ የይዞታ ደብተርም የለውም፤ ባለቤቱ አፉን ከፍቶ ካልተናገረና ካልተጻፈለት በስተቀር ቆጣሪው አያየውም። ስለ ቃለ ጉባኤ አጥብቄ የምናገረውም ለዚህ ነው።

በዚህ አካባቢ ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ቅሬታም አለ። «ኃይሉ ከእኛ ዘንድ ይወጣል፣ ገመዱ በላያችን ያልፋል፣ እኛ ግን ኩራዝ» ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከግድቡ ወደ ዴዴሳና ሆለታ የሚሄደው መስመር 500 ኪሎ ቮልት ነው። ከእንዲህ ያለው ገመድ ለመንደር በቀጥታ መቀጠል አይቻልም። ቮልቱን የሚያወርድ የማከፋፈያ ጣቢያ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በ33 ወይም በ15 ኪሎ ቮልት ወደ ወረዳ ይሄዳል፣ መንደር ሲደርስ ትራንስፎርመሩ ወደ 380 እና 220 ቮልት ያወርደዋል። ጣቢያው ውድ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ግን ከፕሮጀክቱ ዋጋ አንጻር ምንም ማለት አይደለም። የቴክኒክ ምክንያቱ እውነት ነው፣ ቅሬታውም እውነት ነው። መፍትሔው «ለአካባቢው የሚደርሰው መስመርና ትራንስፎርመር በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ አለ ወይ?» ብሎ በዕቅዱ ጊዜ መጠየቅ ነው። በኋላ የሚጠየቅ ትራንስፎርመር ወረፋ ይይዛል። ማንን እንደምትጠይቁም ዕወቁ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል፤ ማመንጫውና ትልቁ መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ወደ ቤት የሚገባው መስመር፣ ቆጣሪውና ሒሳቡ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። አንዱን ጠይቃችሁ «የእኛ ሥራ አይደለም» ከተባላችሁ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በአንድ ስብሰባ ላይ እንዲገኙ ጠይቁ።

እንግዲህ ነገ «ማመንጫችሁ ወደ ጋዝ ሊቀየር ነው» የሚል ባለሙያ ቢመጣ በክብር ተቀበሉት፤ ወንበርም ስጡት። ከዚያ የታንኩን ቦታ በእግራችሁ አብራችሁ ሄዳችሁ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ቦቴው በገበያ ቀን በየትኛው መንገድ ያልፋል? የእሳት አደጋ ቢነሣ ከየት ነው የሚጠራው፣ በስንት ሰዓት ይደርሳል? ለአሶሳ ቅርብ የሆነ ቀበሌና ራቅ ያለ ቀበሌ ለዚህ ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ ሊሰጣቸው አይገባም። ለጥበቃና ለቀን ሥራ ብቻ ነው የአካባቢው ልጅ የሚቀጠረው ወይስ ለማሽኑም ሥልጠና አለ? ፀሐይስ? በጋውን ሙሉ የሚወርድብን ፀሐይ እያለ ጋዝ ለምን ተመረጠ? ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። እኔ ብጠየቅ፣ መረብ ለማይደርስበት ትንሽ መንደር ከሩቅ በቦቴ ከሚመጣ ጋዝ ይልቅ ፀሐይና ባትሪን አስቀድማለሁ፤ ለትልቅ ከተማ መጠባበቂያ ግን ጋዙ ከናፍጣው ይሻላል። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የእናንተ ሊለይ ይችላል፣ ይለይም።

በውሳኔው ካልተስማማችሁስ? አዋጅ ቁጥር 299/1995 አንቀጽ 17 ለዚህ መንገድ አስቀምጧል። በፕሮጀክቱ ፈቃድ ወይም ክትትል ቅር የተሰኘ ማንኛውም ሰው ጉዳዩን ለያዘው የፌዴራል ወይም የክልል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ቅሬታውን ማቅረብ ይችላል። ቅሬታችሁን በጽሑፍ አድርጉት፣ ቀን ጻፉበት፣ ገቢ ስታደርጉ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱና ቅጂውን ቤታችሁ አስቀምጡ። መሥሪያ ቤቱ ቅሬታው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ የመስጠት ግዴታ አለበት።